የነፋሱ ድርሻ

ካፒቴኑ ከመሪው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። አጠገቡ ደም የነካው መፍቻ ወድቋል። መፍቻው የመካኒኩ ነው። መካኒኩም እጁ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሏል።

«ያለቀለት ጉዳይ ነው» አለ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ። «ጀልባዋ ላይ አራት ብቻ ነበሩ። እሱና ሟቹ ደግሞ ጠዋት ሲሰዳደቡ ሰው ሰምቷል።»

መርማሪዋ በጀልባዋ ዳር ዳር እየሄደች የዱቄት ጆንያዎቹን ዳሰሰች። በግራ በኩል ያሉት ላያቸው ብቻ ረጥቧል። ፊት ለፊት ያሉት ግን ውሃ ያንጠባጥባሉ።

«ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ነበር?» ብላ የወደቡን ጠባቂ ጠየቀችው።

«ኧረ ከጠዋት ጀምሮ ከግራ ነው፣ ንቅንቅ አላለም! ይልቅ የገረሙኝ እነሱ ናቸው። ሁልጊዜ ቀጥ ብለው ነው የሚመጡት። ዛሬ ነፋሱ በሚገፋበት በታች በኩል ዞረው፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጡ መጡና ከምሰሶው ጋር ተላተሙ።»

መካኒኩ ከጥጉ ቀና አለ። «ስንደርስ ጋሼ ደወል ይደውላል፣ እኔ ታች ሆኜ ሞተሩን አጠፋለሁ። ዛሬ ደወል የለም። ስንላተም ሮጬ ብወጣ ወድቋል። ደሙ የነካኝ ላነሳው ስል ነው። ልጆች አሉኝ እኮ፣ እንዴት ብዬ ላሳምንዎት?»

የካፒቴኑ ምክትል ከኋላ ሸራ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቶ እንደነበር ማለ። «እንቅልፋም ይበሉኝ፣ ነፍሰ ገዳይ ግን አይበሉኝ።»

«መሪ ትይዛለህ?»

«እኔም መካኒኩም እንይዛለን። ጋሼ ራሱ ነው ያስተማረን።»

«በእንዲህ ያለ ነፋስ እንዴት ነው የሚነዳው?»

«ለነፋሱ ድርሻውን መስጠት ነዋ! ጋሼ እንደዚያ ነበር የሚለው። ከግራ ከነፈሰ የጀልባዋን አፍንጫ ከወደቡ ወደ ግራ፣ እዚያ ውሃ ማማው ላይ ያነጣጥራሉ። የቀረውን ነፋሱ ገፍቶ ያስተካክለዋል።»

አራተኛው ሰው የካፒቴኑ ሚስት ወንድም ነው። ሸሚዙ አልተጨማደደም፤ ዓይኑም አላለቀሰም።

«እስክንቃረብ ድረስ አጠገቡ ነበርኩ። እንዴት ያለ ነጂ መሰለዎት! አፍንጫዋን ከወደቡ ቀይ ጣሪያ ላይ ለአፍታ አላነሳም። ከዚያ ትቼው ወረድኩ። ወዲያው መካኒኩ ሲወጣ አየሁ፣ ጭቅጭቅም ሰማሁ።»

«እርስዎስ መሪ ይይዛሉ?»

ፈገግታው ደረቀ። «እኔን? መች ያስነካኝና!»

የሟች ሚስት ስትደርስ መርማሪዋ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ነፋሱን ረስቶ ወደቡን ብቻ እያየ የሚነዳ ሰው ወደ ጎን ይገፋል» አለች። «አፍንጫዋን ይመልሳል፣ እንደገና ይገፋል። እንዲህ እያለ በታች ዞሮ፣ መጨረሻ ላይ ነፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። የፊቶቹ ጆንያዎች የራሱት ለዚህ ነው። ካፒቴኑ እንዲህ አይነዳም። ምክትሉም መካኒኩም አይነዱም። መሪ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው የነዳው። ስለዚህ ካፒቴኑ ገና መሃል ሐይቅ ላይ ሞቷል።»

ወደ ሚስትየው ወንድም ዞረች። «አፍንጫዋ ከቀይ ጣሪያው አልተነሳም ያልከው አንተ ነህ። እውነትህን ነው። መሪውን የያዝከው ግን አንተ ነበርክ። በመካኒኩ መፍቻ መትተህ ገደልከው፤ እሱ ሬሳው ላይ እንዲደርስልህም ጀልባዋን ወደቡ ድረስ አመጣሃት።»

«አንተ ልጅ...» አለች እህቱ።

«እትዬ፣ ባዳ እያስተማረ እኔን ሁሌ ቁጭ በል ነበር የሚለኝ! በሰው ፊት! ዛሬም ላስተምርህ አላለኝም፤ ቁጭ በል አለኝ።»

ካቴናው ከመካኒኩ እጅ ወጥቶ በእሱ እጅ ገባ።

«ተነስ የኔ ልጅ» አለች መበለቲቱ መካኒኩን። «ጋሼህን ቤቱ አድርስልኝ።»

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ መሪውን ያዘ፤ ጀልባዋም ሬሳውን ይዛ ተነሳች። ወደ መጣችበት ስለዞረች ነፋሱ አሁን በቀኟ በኩል ሆኗል። ታሳሪው ከወደቡ ላይ ቆሞ አየ፤ አፍንጫዋ ከሐይቁ ማዶ ካለው ሰፈራቸው በስተቀኝ ርቆ ወደ ባዶው ገደል ዞሯል።

«ተሳሳተ» አለ በሹክሹክታ። «ወደ ቤት አይደለም የሚሄደው!»

«ዝም ብለህ ተመልከት» አለችው መርማሪዋ።

ተመለከተ። ጀልባዋ ፊቷን ወደ ገደሉ እንዳዞረች፣ ቀስ እያለች፣ በቀጥታ ወደ ቤት ሄደች።