በጠፋ መስመር ላይ የሞተው ሞላ

የመብራት ሠራተኛው ሞላ ከመርሳ ወጣ ባለች መንደር፣ ምሰሶ ላይ በቀበቶው እንደተንጠለጠለ ሞተ። አውርደው ነጠላ አለበሱት። ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት ከወልድያ ስትደርስ ባልደረባው ቢኒያም በካቴና ታስሮ ነበር።

«ትራንስፎርመሩ ሥር ቆመህ መልሰህ አበራኸው፤ አይደል?» አለው ያሰረው ፖሊስ።

«ኧረ በእመቤቴ! ፊውዞቹን የነቀላቸው ራሱ ሞላ ነው። መስመሩ መሞቱን ፈትሾ ነው የወጣው።»

በዚያ መስመር ላይ ያሉት ሦስት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ የቢኒያም አያት የወይዘሮ ውባለም፣ ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ኃይል ያስተከለችው የባለሱቋ ለይላ፣ የባለወፍጮው የካሳሁን። ሦስቱም ባለቤቶች እርስ በርስ በጎን ይተያያሉ።

«እማማ፣ እርስዎ ምን ሰሙ?» አለች ፍሬሕይወት።

ውባለም ቢኒያምን የሚጠቅሙት መስሏቸው ተጣደፉ። «ዱቄቴን ይዤ ከወፍጮ ስመለስ ሶኬት ላይ የተውኩት ሬዲዮ ያወራል። መብራት መጣ ብዬ፣ ‹ያመጣልን ይባረክ› ስል ጩኸት ሰማሁ።»

ፖሊሱ ቢኒያምን በክፉ ዓይን አየው። አሮጊቷ አፋቸውን ያዙ። «ውይ! በገዛ አፌ ልጄን! ቁርስ እንኳ አልቀመሰም እኮ፤ ያንን ብረት አላሉለት!»

ፍሬሕይወት ወደ ለይላ ዞረች።

«ወላሂ የኔ አይደለም! መስመሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሠራተኛ እንዳይገድል ብለው እንዲያ ገጠሙት፤ እኔም ስሰድበው እውላለሁ።»

«ጋሽ ካሳሁንስ?»

«ጄኔሬተር አላስነሳሁም። የእትዬ ውባለም እህል ጠዋት፣ መብራት ሳይጠፋ የተፈጨ ነው።»

ፍሬሕይወት የውባለምን ጆንያ ፈትታ እጇን ወደ መሃል ከተተች። ዱቄቱ ገና ይሞቃል።

ሁሉንም ምሰሶው ሥር ሰበሰበቻቸው። ከሞላ ኪስ ሦስት ፊውዞች አወጣች።

«ማንም መልሶ እንዳይሰካቸው ይዟቸው ወጣ። ታዲያ ቢኒያም በምን ያበራል? የለይላ ፀሐይ ራሱን ያጠፋል። ሬዲዮው ግን አወራ። ስለዚህ ኃይሉ ከትራንስፎርመር አልመጣም፤ ከቤት ወጥቶ ወደ ምሰሶው ሄደ። ሞላ ሲፈትሽ ያልነበረው፣ እጁን ሲዘረጋ ደረሰ። ዱቄቱም መብራት ከጠፋ በኋላ የተፈጨ ነው። ጋሽ ካሳሁን፣ ጄኔሬተርዎን ከመስመሩ የሚለየው ማዞሪያ የታለ?»

ካሳሁን መሬት መሬት አየ።

«ነቅዬዋለሁ። በቀጥታ ነው ያሰርኩት... ጎረቤትም ይብራለት ብዬ። እትዬ ውባለም ‹ያመጣልን ይባረክ› ሲሉ በአጥር እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ሞላ መውጣቱን አላየሁም፤ ኋላ ፈርቼ ዋሸሁ።»

ካቴናው ተፈታ። ውባለም የልጅ ልጃቸውን አንጓ እያሹ፣ ዓይናቸው ከነጠላው ላይ አልነሳ አለ።

«ጌታዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የዛሬዋን ምርቃቴን አትቁጠርብኝ።»