ካፖርቱ ተሰቅሎ የቀረው እንግዳ

«ሃልዶራ፣ እንግዳችን ሞቶ አገኘነው፤ ቶሎ ነይ» ብሎ ግሪሙር ሲደውል ገና ጨለማ ነበር። በኅዳር በዚያ የሩቅ ሰሜን ባሕር ዳርቻ ፀሐይ የምትወጣው ሰው የቀኑን ሥራ ካጋመሰ በኋላ ነው። ሃልዶራ የአካባቢው ፖሊስ መርማሪ ናት፤ ግሪሙር ደግሞ አብሮ አደጓ። ስልኩን ስትዘጋ ድምፁ ውስጥ ከሐዘን ሌላ አንድ ነገር የሰማች መሰላት።

ሟቹ ዊለም የሚባል ከሆላንድ የመጣ ጡረተኛ ነው። ግሪሙር ከሚስቱ ከኡና ጋር ከሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ጀርባ፣ ኮረብታው ሥር፣ በደረቱ ተደፍቷል። ፀጉሩ እርጥብ ሳለ ቀዝቅዞ እንደ ሽቦ ደርቋል። የሱፍ ሹራቡ ተገልብጦ ተለብሷል፤ ካፖርት የለውም። ሱሪው ላይ የድርቆሽ ብጣሽ ተጣብቋል። ሃልዶራ የሱሪውን እግር ከፍ ስታደርግ ቆዳው ቀይ ካልሲ የለበሰ ይመስል እስከ ጉልበቱ ቀልቷል። በጣቶቹ ከበረዶው ሥር የነበረ የድንጋይ ሽበት ነጭቶ ጨብጧል። ይህን ስታይ ቀና ብላ ማንንም ማየት አልቻለችም።

አስከሬኑ ወደ ከተማው ሐኪም ሲወሰድ እሷ ወጥ ቤት ገባች። ኡና የበግ ሾርባ ታማስላለች።

«መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ማታ። ካፖርቱን ለብሶ የሰሜኑን የሌሊት ሰማይ ብርሃን ልይ ብሎ ወጣ። ተው ብዬው ነበር።»

«በዚያ ሁሉ በረዶ?»

«እንግዳ መቼ ይሰማል!» አለች ኡና፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሳ።

ሹፌሩና አስጎብኚው ብራጊ ከመግቢያው አጠገብ ካለው ሳሎን ተቀምጧል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ሳምንቱን ሙሉ ሰማዩ አልገለጥ ብሎ ብርሃኑን ስላላየ 'ብራጊ፣ ደመና እኮ አገሬም ሞልቷል' አለኝ። ተናደድኩ። ደግሞ እውነቱን ነበር፤ አሁን ማን ይቅርታ ይቀበለኛል?»

«ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የእጅ ኳስ ሳይ አመሸሁ። ኡና የታጠበ ልብስ ይዛ ስትመላለስ ነበር። ሌላ ሰው በዚህ በር አልገባም፣ አልወጣም።»

ሃልዶራ ቀና ስትል ከብራጊ ራስ በላይ አንድ ሰማያዊ ካፖርት ተሰቅሏል። ኪሱ ውስጥ የዊለም ስም ያለበት መታወቂያ አገኘች።

ግሪሙር በጎቹ ቤት፣ በበረዶ ላይ ድርቆሽ ከሚጎትትበት መጎተቻ አጠገብ ነበር።

«የሙቅ ውሃ ገንዳው ይሠራል?»

«ከመስከረም ወዲህ ማንም አልነካውም» አለ ቶሎ ብሎ።

ገንዳው ከጓሮው በር ጥቂት እርምጃ ይርቃል። ሃልዶራ ዳርቻውን በእጇ ስትጠርገው ከአዲሱ በረዶ ሥር ድንጋዩ በጠራ ብርጭቆ እንደተለበጠ ሆኖ አገኘችው፤ የፈሰሰ ውሃ ረግቶበታል። የቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፈተች፤ ጠብ አላለም። የሙቁን ስትከፍት እንፋሎቱ ፊቷን ለበለባት። ወዲያው ሐኪሙ ደወለላት። የነገራትን ሰምታ ስታበቃ እዚያው ገንዳው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀመጠች።

ከዚያ ሦስቱንም ምግብ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ዊለም ብርሃን ለማየት አልወጣም» አለች። «ማታውን በረዶ ሲጥል ነው ያመሸው፤ ምን ሊያይ ይወጣል? ፀጉሩ ርሶ ነበር፤ እግሩ ተቃጥሏል። በጓሮው በር ወጥቶ ገንዳው ውስጥ ገባ። ቀዝቃዛው ቧንቧ በውርጭ ተዘግቶ ስለነበር ውሃው ይፈላ ነበር። ዘሎ ወጣ፣ ተንሸራተተ፣ የፈሰሰው ውሃ ላይ ወድቆ ራሱን ድንጋይ መታው። ሰው አገኘውና ልብሱን በጨለማ አለበሰው፤ ለዚህ ነው ሹራቡ የተገለበጠው። ውሃውንም አፈሰሰው።»

«ማን?» አለ ብራጊ።

«አንተ ብትሆን ካፖርቱ ከራስህ በላይ ተሰቅሏል፤ አውርደህ ታለብሰው ነበር። ኡናም ልብስ ይዛ ስትመላለስ ነበር፤ አንድ ካፖርት ብትጨምር ማን ይጠረጥራታል? ካፖርቱን ሊያመጣ ያልቻለው፣ ከውጭ ቢገባ አንተ የምታየው ሰው ብቻ ነው። ሱሪው ላይ የነበረው ድርቆሽ ደግሞ ኮረብታው ሥር ድረስ ከተጎተተበት፣ በጎች ቤት ካለው መጎተቻ ነው።»

ኡና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። «እኔ የሰማሁት ኋላ ነው» አለች።

«ቧንቧው እንደተዘጋ ጠዋት አውቄ ነበር» አለ ግሪሙር፣ ወለል ወለሉን እያየ። «ገንዳው ተበላሸ ማለት አፈርኩ። በገንዳው ነበር የምንታወቀው። እንግዳ ቀቅለው ገደሉ ከምንባል፣ ብርድ ገደለው ቢባል ብዬ... ሞቶ ነበር እኮ ሃልዶራ! ጆሮዬን ደረቱ ላይ አድርጌ ሰምቻለሁ።»

«ቆብህን አውልቀህ?»

ግሪሙር እጁን ጆሮውን ወደሸፈነው የሱፍ ቆቡ ሰደደ።

«ሐኪሙ የገደለው ብርዱ ነው ብሎኛል» አለች ሃልዶራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ ስትተወው ነፍሱ አልወጣችም ነበር። መሬቱን ቧጥጧል።»

ጠዋት ለሟቹ ልጅ ለማራይከ ሞቱን አርድታለች፤ አሁን አሟሟቱን መንገርም የሃልዶራ ግዴታ ነበርና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍታ ደወለች። ስሟን ተናግራ ሳትጨርስ ልጅቱ እያለቀሰች ቀደመቻት።

«ጠዋት ስትነግሪኝ ደንግጬ አላመሰገንኳችሁም። አባቴ በየቀኑ ይደውልልኝ ነበር። የቤቱ ጌታ የራሱን የሱፍ ካልሲ ሰጠኝ፣ እንደ ወንድም ነው የያዘኝ ይለኝ ነበር። እባክሽ አመስግኚልኝ። በባዕድ አገር ብቻውን አለመሆኑ ነው ያጽናናኝ።»

ሃልዶራ ጉንጯ ሲግል ተሰማት። ግሪሙር እጁን ዘረጋ፤ ስልኩን አስጠግታ ሰጠችው።

«ማራይከ፣ ግሪሙር ነኝ» አለ። «አታመስግኚኝ። የምነግርሽ ነገር አለ፤ እባክሽ ሳልጨርስ ስልኩን አትዝጊው።»