ደረቱ ወርቅ የለበሰ ተራራ

ጡረተኛው የአማርኛ መምህር ጅብሪል ሶፋቸው ላይ በጎናቸው እንደወደቁ፣ ትውከታቸው አንገታቸው ላይ ደርቆ ተገኙ። ኢንስፔክተር ሩዋይዳ አሰላ ውስጥ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ያን ጠዋት ያስጠላት ሬሳው አልነበረም። ሬሳው ገና ሳይነሳ በረንዳው ላይ ቆሞ ከስልክ ግጥም የሚያነበው ሰው ነው። ያውም እያለቀሰ! ያውም ድምፁን እያሳመረ!

«ማን ነው ይሄ?» አለች ለሳጅን ቱፋ።

«አክመል ይባላል፤ የሟቹ የግጥም ማኅበር አባል ነው። ግጥሙ ትናንት ማታ ከመምህሩ ስልክ የማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ተለጥፏል። ስንብት ነው ይላሉ።»

ሩዋይዳ ስልኩን ተቀብላ አነበበች፦

*ተራራው ደህና ሁን፣ ጀምበሯ ስትወጣ፣*
*ደረትህን በወርቅ፣ አልብሳህ ስትመጣ፤*
*ልጄ እንደ ደመና፣ ጥላኝ ስለሄደች፣*
*ነፍሴ ከዚህ ዓለም፣ መውጣትን ወደደች።*

«ጉድ ነው!» አለችና ስልኩን መለሰች።

የሟቹ ልጅ ሂባ ግቢው ጥግ ብቻዋን ቆማለች። ዴራ ከተማ ሄጄ ልሥራ ብላ ከአባቷ ጋር ተጣልታ ነበር ከቤት የወጣችው። ለቀስተኛው ግጥሙን እየተቀባበለ ካነበበ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ አላቀፋትም። አክስቷ አዴ ሀሊሜ ጭራሽ በሩ ላይ ቆመው፣ «አባትሽን በልተሽ ደግሞ ልታለቅሺ?» ብለው መልሰዋታል።

«ኢንስፔክተር፣» አለች ሂባ፣ «በእኔ የተነሳ ከሆነ ይንገሩኝ። ከሆነ እዚህ ግቢ አልቆምም፤ ማልቀስም አይገባኝም።»

«ቆይ እስኪ እህቴ፣ ልየው። አባትሽ አሟቸው ነበር?»

«ጉንፋን። ትናንት ስደውልላቸው የምግብ ሽታ እንኳ አይሰማኝም አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የደወልኩት፤ ወደ ቁም ነገሩ ሳንደርስ እንግዶች መጡባቸው።»

ሩዋይዳ ወደ ውስጥ ገብታ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ብርጭቆ አሸተተች። ብርዝ ነው። ከማሩ ሽታ ሥር ግን የስንዴ አረም መድኃኒት ሽታ አለ። ሊሞት የቆረጠ ሰው መርዙን በማር ያጣፍጣል እንዴ? ጎረቤቱን ስትጠይቅ፣ ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በሩ እንደገና ሲንኳኳ መስማቱን ነገራት። ማን እንደሆነ አላየም።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ፦ አክመል፣ ባለሱቁ ጋሽ ገብረኪዳንና መምህርቷ ፈይሩዛ። ሦስቱም በቀጥታ ወደ ቤቴ ገባሁ ይላሉ።

«ግጥሙ የእሳቸው ነው?» ብላ ጋሽ ገብረኪዳንን ጠየቀች።

«ቁርጥ የእሳቸው ነዋ! ተራራውን እንደ ሰው ያናግራሉ፣ ሐዘናቸውን ደመና ላይ ይጭናሉ፣ ስድስት ስድስት አድርገው ይመትራሉ። ሌላ ማን እንዲህ ይጽፋል?»

ፈይሩዛ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ወላሂ፣ ከነገርኩሽ አይቀር... አክመል ያሳተመው መጽሐፍ ግማሹ የመምህር ጅብሪል ግጥም ነው። ቅዳሜ ምረቃው ላይ ቆመው ሊናገሩ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን።»

«እያወቃችሁ ዝም አላችሁ?»

«ማኅበሩ እንዳይፈርስ ብለን ነው።»

ሩዋይዳ ማስታወሻዋን ዘጋች። ሽማግሌውን እየዘረፏቸው ብርዛቸውን ይጠጣሉ፤ ሲሞቱ ደግሞ ደረት ይደቃሉ። ማኅበር ብሎ ዝም!

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበች። አዴ ሀሊሜም ተጠሩ፤ ሂባ ግን ደፍራ ስላልገባች በሩ ላይ ቆመች።

«መምህር ጅብሪል ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል፣» አለች ሩዋይዳ። «እስኪ ልጅነታችሁን አስቡ። ጠዋት ከቤት ስትወጡ ተራራው ምን ይመስል ነበር? ጋሽ ገብረኪዳን?»

«አሰላ አይደል ያደግሁት? ጭላሎ ጠዋት ጥቁር ነው። ፀሐይዋ ከጀርባው ነው የምትመጣው፤ እስኪረፍድ ሱቃችን ጥላ ነበር።»

«ፈይሩዛስ?»

«ጥቁር። የሚቀላው ማታ ነው።»

«አቶ አክመል?»

«እኛ አገር ጎበሳ ከጭላሎ ማዶ ስለሆነ ተራራው በምዕራብ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ፍም...» አለና አክመል አፉ ተያዘ።

«ይጨርሱት እንጂ! ደረቱ ወርቅ ይለብሳል፣ አይደል?»

ጋሽ ገብረኪዳን ጣልቃ ገቡ።

«ኢንስፔክተር፣ ገጣሚ እኮ የፈለገውን ቀለም ይቀባል።»

«ይቀባል። ተራራው ያለቅሳል ቢል ማንም አይከሰውም። መምህራችን ግን መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ አልቅሱ ነበር የሚሉን። ማኅበሩ ላይ የለጠፏቸውን ግጥሞች ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ጠዋት ካለበት ሁሉ ተራራው ጨለማ ነው፤ ብርሃኑ ከትከሻው ጀርባ ነው። በዚህ መስኮት ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት እሱን ነዋ! የስንብቱ ጸሐፊ ምቱን ቀድቷል፣ ደመናውን ቀድቷል፣ አነጋገራቸውን ቀድቷል። ዓይን ግን አይቀዳም። ጎህ ሲቀድ ያየው የገዛ አገሩን ተራራ ነው። ጎበሳ ያደገ ደግሞ ከእናንተ አንድ ሰው ነው። መጽሐፉ ቅዳሜ የሚዋረድበትም እሱው። ማታ ተመልሶ መጣ፤ ጉንፋን ለያዛቸው ሰው ሽታው የማይሰማቸውን መርዝ በብርዝ ቀላቅሎ ሰጣቸው፤ በስልካቸው ግጥሙን ለጠፈ።»

«ይሄ ማስረጃ አይደለም!» አለ አክመል።

«ልክ ነዎት። የሦስታችሁም ስልክ እንዲፈተሽ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይኸው። ከእርስዎ እንጀምር።»

አክመል ስልኩን አውጥቶ ከፈተው። ሳጅን ቱፋ ብዙም ሳይፈልግ የግጥሙን ረቂቅ አገኘ። ቀኑ እንደሚያሳየው ግጥሙ መምህሩ ከመሞታቸው አስቀድሞ የተጻፈ ነው። አላጠፋውም፤ የገዛ ግጥሙን መደምሰስ አልሆነለትም። «ልጄ እንደ ደመና» ከሚለው በላይ «ልጄ እንደ ጉም» ብሎ ሞክሮ ትቶታል።

ሩዋይዳ ሁለቱን መስመሮች ደጋግማ አነበበች። ሰውዬው ቁጭ ብሎ፣ የሟቹን ልጅ የሚያዋርድበትን ቃል እያማረጠ ነበር!

ካቴናው ሲገባለት አክመል ቀና አለ።

«ግን ግጥሙ... ጥሩ አልነበረም?»

«አውጣልኝ!» ብላ ጮኸች ሩዋይዳ። «ይህን ቆሻሻ ከፊቴ አውጣልኝ!»

ሲወጡ ሂባ ከበሩ ላይ ዘወር አለች። አዴ ሀሊሜ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ነይ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ...» አሉ። ሂባ አላየቻቸውም፤ ወደ ሩዋይዳ ዞረች።

«ጥላኝ ሄደች ያሉት እሳቸው አይደሉም?»

«አይደሉም፣» አለቻት ሩዋይዳ። «አንዲቱም ቃል የአባትሽ አይደለችም።»

ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ያልደፈረችውን ደፍራ ወደ ውስጥ ገባች። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሶፋውን አቅፋ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማት ድረስ «አባባ! አባባዬ!» እያለች አለቀሰች።