ከመታጠፊያው በኋላ

ሳያት የምትባለው ወጣት ያን ዕለት ያለቀሰችው ለማን ነበር?

ዮፍታሄ ያኔ አላወቀም። የከፋው ደግሞ ያወቀ የመሰለው መሆኑ ነበር።

ሁለቱ የተዋወቁት በተበጠሰ ካቴና ነው። ሚያዝያ ውስጥ፣ ከቤልጂየም በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከጌንት ከተማ ድረስ በአውሮፕላን ጭኖ ያመጣው ብስክሌት ሐይቅ ዳር ላይ ቀጥ አለበት። እየገፋ «ታምሩ ሳይክል ጥገና» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት በር ላይ ደረሰ። ከውስጥ የወጣችው እጅጌዋን እስከ ክርኗ የጠቀለለች፣ ጉንጯን ግራሶ የነካው ወጣት ነበረች።

«ባለቤቱን ፈልጌ ነበር» አላት።

«ባለቤቱ አባቴ ነው፤ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ባለሙያዋ እኔ ነኝ፤ ሳያት እባላለሁ።» ብስክሌቱን ተቀብላ ገለበጠችው። «ውይ! ይቺን የመሰለች ሳይክል እንዲህ ይዘህ? ካቴናው ላይ የመላው አውሮፓ ጭቃ አለ።»

«የሀዋሳም አለበት።»

«የሀዋሳው ይታጠባል። ያኛው ነው ያስቸገረኝ።»

ዮፍታሄ ሳቀ። ከተመለሰ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ሀዋሳን ሲያልም ኖሮ፣ ሀዋሳ በገባ በሳምንቱ ጌንትን ማለም የጀመረ ሰው ነው። የተማረው የውሃ ሳይንስ ስለነበር የሐይቁን ውሃ የሚያጠና መሥሪያ ቤት ቀጥሮታል። ሻንጣው ግን በተከራየው ክፍል ጥግ እንደተቆለፈ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ ተመልሶ እንዲመጣ ከዩኒቨርሲቲው የተላከለት ደብዳቤም እስከ ሐምሌ መጨረሻ መልስ ይጠብቃል።

«እዚያ በምን ቋንቋ ነበር የምታወራው?» አለችው ካቴናውን እየቀጠለች።

«በደች።»

እጇ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። «ትሰማለህ? አጥርተህ?»

ሐምሌ ሲገባ ምን ፈልጋ እንደጠየቀችው ተረዳ። ሮቢ የሚባል የሀዋሳ ልጅ ለአንድ የቤልጂየም ቡድን ተቀጥሮ በታላቁ የሦስት ሳምንት የብስክሌት ውድድር ላይ ይሳተፋል። ውድድሩን በነፃ የሚያሳየው የኢንተርኔት መስመር ደግሞ በደች ብቻ ነው የሚያወራው። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ የጥገናው ቤት ይሞላል። ከመናኸሪያ ጎማ ነጋዴው ዩኑስ ይመጣል። ኩማ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ይገባል። ከፊት ያለችው ብቸኛ ባለመደገፊያ ወንበር የሮቢ እናት የእትዬ አባይነሽ ናት። ዮፍታሄ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል።

«ዶክተር፣ ጋዜጠኛው ምን እያለ ነው?» ይላል ዩኑስ።

«ነፋሱ ከግራ ነው እያለ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ለነፋስ! የእኔ ደንበኞች እንኳ እንዲህ አያረዝሙም።»

ዮፍታሄ እነዚህን የከሰዓት በኋላ ሰዓታት ወደዳቸው። ሳያት መጀመሪያ ስክሪኑን ታያለች፤ ከዚያ ትርጉሙን ፍለጋ ፊቷን ወደ እሱ ታዞራለች። ለዚያች ዕይታ ሲል ቢሮውን እያቋረጠ ይመጣ ነበር። ሰው ሲበተን አብረው ሐይቁ ዳር ወዳለው ጉዱማሌ መናፈሻ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ልትለየው ስትል ሁሌም አንድ ነገር ትጠይቀዋለች።

«ሻንጣህን ፈታህ?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው እጄን አትያዝ» ትለውና እጇን ሳትነጥቅ ትስቃለች።

እያደር ግን አንድ ነገር ይቆረቁረው ጀመር። የመጀመሪያዋ ዕይታ የእሱ አይደለችም። ሮቢ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል የሳያት ትከሻ ቀጥ ይላል፣ ትንፋሿ ይጠፋል። ስለ እሱ ሲጠይቃት «አብረን እንነዳ ነበር። ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን ደውሎልኝ አያውቅም» ትልና የያዘችውን ብሎን ማጥበቅ ትቀጥላለች። ዮፍታሄ ሰው በቴሌቪዥን በሚያየው ሰው ይቀናል ብለው ቢነግሩት ኖሮ ይስቅ ነበር። አሁን አልሳቀም። የሮቢን ደረጃ ስሙ እስኪገኝ ከታች ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ወደ ኋላ በቀረ ቁጥር ልቡ ቀለል ይለዋል። በራሱ አፍሮ እንኳ መቁጠሩን አልተወም።

የውድድሩ ትልቁ ተራራ የሚወጣው ሐሙስ ነበር። ዮፍታሄ ያን ዕለት ጠዋት ለጌንት «አልመጣም» የሚል መልስ ጽፎ ልኳል። ማታ ለሳያት ሊነግራት በልቡ ይዞ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር እየጮኸ መተርጎም ነበረበት።

«አስር ኪሎ ሜትር ቀርቷል! ሮቢ ከፊት ነው፤ እየሳበ ነው!»

«እየሳበ ማለት?» አሉ እትዬ አባይነሽ።

«ሌሎቹን እያደከመ የቡድኑን አለቃ ይዞ ይወጣል፣ እትዬ። አይስጉ፣ ደህና ነው።»

ተራራው ላይ ከግራና ከቀኝ የቆመው ሕዝብ መንገዱን ሊውጠው ደርሷል፤ አንዱ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ሌላው አብሮ እየሮጠ ውሃ ይደፋል። ጥገናው ቤት ውስጥ ያለውም ከዚያ አይተናነስም። ኩማ የእንጨት ሣጥን ላይ ወጥቷል። ከሮቢ ኋላ የነበሩት ሰላሳ ሰዎች ሃያ ሆኑ፣ ከዚያ አስራ ሁለት፣ ከዚያ አምስት።

«በለው! ጨርሳቸው! የአላሙራን ዳገት የለመደ ነው፣ እናንተ አታውቁትም!» ይላል ኩማ።

አንድ ሹል መታጠፊያ መጣ። ሌሎቹ በአጭሩ በውስጠኛው በኩል ሲገቡ ሮቢ ሰፋ አድርጎ በውጭ በኩል ዞረ። ከመቀመጫው አልተነሳም። ዮፍታሄ ከጎኑ የሳያትን ሹክሹክታ ሰማ።

«ገና ነው… ገና… አሁን ተነስ።»

መታጠፊያው እንዳለቀ ሮቢ ብድግ አለ። አምስቱ ሁለት ሆኑ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ዮፍታሄ ግን ሳያትን ነበር የሚያየው። እንባዋ ጉንጯ ላይ ባለው ግራሶ መሃል መንገድ አበጅቶ ይወርዳል። ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም። ትርጉም አልፈለገችም።

ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀር ሮቢ ወደ ዳር ወጣ፤ ብስክሌቱ ሊቆም ምንም አልቀረውም። አለቃው ብቻውን ወደ ላይ ተፈተለከ።

«ምን ሆኖ ነው? ተነፈሰበት እንዴ?» ኩማ ከሣጥኑ ላይ ዘለለ።

«ሥራው እስከዚህ ነው» አለ ዮፍታሄ። «ከዚህ በኋላ ያለው የአለቃው ነው።»

«እሱ ተቃጥሎ አበባውን ሌላ ሰው ሊቀበል? ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው!»

«አልወደቀም አይደል?» አሉ እትዬ አባይነሽ። «እንግዲያው ተዉት።»

አለቃው አሸነፈ። ጋዜጠኛው ግን ሮቢንም ጠብቆ መጨረሻው መስመር ላይ አስቆመው። ሮቢ ፊቱ በጨው ነጥቷል፤ በተሰባበረ ደች ረዘም አድርጎ ተናገረ። መሃል ላይ «ሀዋሳ» ሲል ቤቱ እንደገና ፈነዳ።

«ሀዋሳ አለ! ሰማችሁ? ሀዋሳ አለ!»

ዮፍታሄ እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ሮቢ ስሟን ሳይጠራ ስለ አንዲት ሴት ነበር የሚናገረው፤ ሀዋሳ ውስጥ ብስክሌት ስለምትጠግን ሴት፣ ተራራ መውጣትን ጀርባዋን እያየ ከእሷ እንደተማረ። ሰው ሁሉ ወደ ዮፍታሄ ዞረ። ሳያትም ዞረች። ዓይኗ ገና እርጥብ ነበር፣ እንደዚያ ቀን ተርባ አይታው አታውቅም። ርሃቡ ግን ለእሱ አልነበረም። ይህን ከሰማች ያቺ ዕይታ ተመልሳ ወደ እሱ እንደማትመጣ ታየው።

«ምን አለ ልጄ?» አሉ እትዬ አባይነሽ።

«ቡድኑን አመሰገነ» አለ። «የሀዋሳን ሕዝብም አመሰገነ።»

«ይኼው ነው?» አለች ሳያት። «ረጅም ነበር እኮ።»

«ታውቂያቸዋለሽ፣ ያረዝሙታል።»

ዩኑስ ሳቀ። ሳያት ራሷን ነቀነቀችና ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ዝናቡ ሲያባራ በሐይቁ ዳር ሄዱ። ለጌንት የላከውን መልስ ነገራት። ቆመችና እጇን ራሷ አምጥታ እጁ ውስጥ አስገባችው። ዮፍታሄ ያለመው ሁሉ ሆነለት፤ ጥያቄው ግን አልተወውም።

«ለማን ነበር ያለቀስሽው?» አላት። «ለእሱ ነው?»

«እሱን…» አለችና ወደ ውሃው ዞረች።

«ተይው፣ ገብቶኛል» አለ።

«ምን እንደገባህ እንጃ።» ትንሽ ሄደው እንደገና ተናገረች። «ቅዳሜ ለክልሉ ቡድን ማጣሪያ አለ። የሴቶች። ነገ ልመዘገብ ነበር። ዛሬ ለራሴ እንዲህ አልኩ፣ ሮቢ አንዴ እንኳ ካስታወሰኝ፣ ያ ሁሉ ልፋት የእኔም ነበር ማለት ነው፤ እሄዳለሁ። ሞኝነት ነው አይደል?» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ተውኩት። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ምን አደከመኝ።»

ያኔ መናገር ይችል ነበር። ማጣሪያው ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። እጇ እጁ ውስጥ ሞቋል።

«እንዳልሽ» አለ።

ማክሰኞ አስር ሰዓት ላይ እንደ ልማዱ ሲመጣ ቤቱ ጭር ብሏል። ውድድሩ እሁድ አልቋል። ኩማ ባጃጁ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰላምታውን ሳይመልስ ፊቱን አዞረ። ዩኑስ በር ላይ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ሳያት ጎማ ላይ አጎንብሳለች።

«ና» አለችው። «አንዴ ተርጉምልኝ።»

የዩኑስን ስልክ ተቀብላ አስያዘችው። የሮቢ ቃለ መጠይቅ ነበር። ብራስልስ የሚኖር አንድ ሰው ከሥሩ አማርኛ ጽፎበት በቴሌግራም ከሰው ሰው ሲዞር ሰንብቷል። ሮቢ ተናግሮ እስኪጨርስ ሁለቱም ቆመው አዩ።

«ሰምተኸው ነበር» አለች።

«ሰምቼው ነበር።»

«ለምን?»

«ቀናሁ።»

«በማን?»

«በእሱ። አለቀስሽለት እኮ፣ ሳያት።»

ቀስ ብላ ቀና አለች። ድምጿ አልጨመረም። «ለእሱ አይደለም። እግሬን አይቼ ነው ያለቀስኩት። ያቺን መታጠፊያ በውጭ በኩል መውሰድ፣ እስክታልቅ ተቀምጦ መጠበቅ፣ ያ የእኔ ነው፤ አላሙራ ላይ ጉልበቴን ስንቴ ልጬ ያገኘሁት ነው። የራሴን እግር በሰው ሰውነት ላይ አየሁት። ለራሴ ነበር።»

«ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀህ መልሱን አልጠበቅክም። ራስህ ጠየቅክ፣ ራስህ መለስክ።» እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ሮቢ ሦስት ዓመት ዘጋኝ፤ በመጨረሻ ግን አፍሬያለሁ ብሎ ሰው ፊት ተናገረ። አንተ አጠገቤ ቆመህ፣ እናቱ እንኳ ዓይን ዓይንህን እያዩ፣ ዋጥከው። ቅዳሜ የማጣሪያው ተወዳዳሪዎች በዚህ በር ፊት ሲያልፉ ቆሜ አየኋቸው።»

«የሚቀጥለው መቼ ነው? እኔ…»

«ብስክሌትህ ከተሠራ ቆይቷል» አለች። «ውሰደው።»

ያን ምሽት ዮፍታሄ ሻንጣውን ፈታ። ልብሱን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣ መጻሕፍቱን መስኮቱ ሥር ደረደረ። የሚሄድበት አልነበረውም፤ የሚቀርላትንም ሴት በራሱ ጥፋት አጥቷል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ አንዳንድ ቀን ሳያትን ከአላሙራ በኩል በብስክሌት ስትመለስ ከሩቅ ያያታል። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። ዓይኗን ከመንገዱ አታነሳም።

ነሐሴ ሲጋመስ አንድ እሁድ ቁጭ ብሎ ጻፈላት። ይቅርታ ብሎ ጀምሮ ሰረዘው። ስለ ፍቅሩ ሁለት ገጽ ያህል ጽፎ ያንንም ሰረዘው። በመጨረሻ ያን ዕለት ሊሠራው ይገባ የነበረውን ሥራ ብቻ ሠራ፤ ከራሱ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳያስቀር፣ ተርጉሞ ላከላት።

«ተራራ መውጣት ያስተማረኝ አሰልጣኝ አይደለም። ሀዋሳ ውስጥ ብስክሌት የምትጠግን አንዲት ሴት አለች። ሁሌም ትቀድመኝ ነበር። የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ጀርባዋን እያየሁ ነው። ዕድሉ ሲመጣ የመጣው ለአንድ ሰው ነበር፤ እኔ ወሰድኩት፤ አፍሬ ሦስት ዓመት አልደወልኩላትም። ዛሬ ተራራውን የወጣው የእሷ እግር ነው። እሷ እዚህ ብትሆን ኖሮ አለቃዋ እሷ ነበረች፣ ውሃ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ።»

መልእክቱ መነበቡን የምታሳየው ሁለተኛዋ ምልክት ወዲያው መጣች። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። ጳጉሜ አለፈች፣ አዲስ ዓመት ገባ፣ የሐይቁ ውሃ ሞልቶ ጎደለ። መልስ አልመጣም።