የጅቡ ዓይን

አሻግሬ ከሥዕል ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ የተገኘው በ1971 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ጠዋት ነው። የአምቦ ልጅ ንባብ የጀመረው እሱ ራሱ ጽፎ በሚሥላቸው የተረት መጻሕፍት ስለነበር፣ መርዶው ሳይውል ሳያድር ጎረቤት ከተማ ጉደር ደረሰ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ከፊቱ ያላለቀ የጅብ ሥዕል፣ ከጎኑ የተጋመሰ ሻይ፣ ከሻዩ አጠገብ ባዶ የተባይ መርዝ ጠርሙስ ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቦጂያ ለመፍረድ አልዘገየም። «መጽሐፉ ከአዲስ አበባ ሳንሱር ተከልክሎ ተመልሶበት ነበር። ፈራ፣ ጠጣ፣ ሞተ» አለ። መቸኮሉ ያለ ነገር አልነበረም፤ የአሻግሬ ጅብ ቦርጩን አስቀድሞ ሲራመድ ቁርጥ ቦጂያን ነው እያሉ ልጆች በየመንገዱ ይስቁበት ነበር። በዚያ ዘመን ሊቀ መንበር ላይ ያሳቀ ሰው በሰላም አያድርም።

የቦጂያ ፍርድ የከበደው ለሟቹ እህት ለዘነበወርቅ ነው። አዲስ ዓለም ማርያምን ልትሳለም ሰንብታ ስትመለስ ሬሳ ጠበቃት፤ ቄሱ ደግሞ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት እንደሌለው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥም እንደማይቀበር ነገሯት። ምርመራውን በያዘው በፖሊሱ መቶ አለቃ በኢዶሳ እግር ላይ ወደቀች።

«ወንድሜን ያለ ጸሎት እንደ ውሻ አታስቀብሩብኝ» አለችው።

«እስኪመሽ ታገሺኝ፣ እቴቴ።»

ኢዶሳ ቀስ ብሎ የሚያይ ሰው ነው። የሻዩ ብርጭቆ ላይ ዝንቦች እየጠጡ በሰላም ይበራሉ። የጥቁር ቀለሙ ሳህን ዙሪያ ግን ዝንብ ረግፏል። ያየውን በሆዱ ይዞ ሳህኑን በመሐረብ ሸፈነው፤ ለማንም አልተናገረም።

አሻግሬ ሁለት ተማሪዎች ነበሩት። ደግፌ ጉደር ያድራል፤ ሐሙስ ከሰዓት ወደዚያ ሄዶ፣ ዓርብ በመጀመሪያው መኪና ተመልሶ፣ በሩን ገፍቶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ጠርሙሱን ከሻዩ ጎን ሲያይ ሁሉም እንደገባው ለኢዶሳ ነገረው። ሁለተኛዋ እታገኝ የምትባል ዓይነ አፋር ወጣት ናት፤ ከንፈሯ ላይ የሰማያዊ ቀለም ምልክት አለ።

«ጋሽ አሻግሬ ጥቁሩን ቀለም መቼ ነበር የሚነኩት?» ሲል ኢዶሳ ጠየቃት።

«ለመጨረሻ ነው። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ሌላው ሁሉ ሳያልቅ ዓይን አይሣልም ይሉን ነበር። ጥቁሩ ለዓይን ብቻ ነው።»

«ከምን ይሠራል?»

«ከጥላሸትና ከማር። ብሩሹን በከንፈራችን እናሾላለን፤ ጋሼ ያስተማሩን እንደዚያ ነው።»

ሌላም ነገር በጭንቅ ነገረችው። የአሻግሬ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ የኋለኞቹን መጻሕፍት የሣለው ደግፌ ነበር፤ አሻግሬ የሚያኖረው የዓይኑን ነጥብ ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ ግን የሚጻፈው የሱ ስም ብቻ ነበር።

ሲመሽ ኢዶሳ ሁሉንም ሥዕሉ ፊት ሰበሰባቸው፤ ቄሱንም አስጠራ። መጽሐፉ ለልጆቹ መጨረስ እንዳለበት ተናግሮ አዲስ ብሩሽ ለደግፌ ሰጠው። አሻግሬ ሲደፋበት የጅቡ ጭራ ቡናማ ቀለም ተፍቆ ነበር። ደግፌ ብሩሹን ቡናማው ውስጥ ነክሮ፣ በከንፈሩ አሹሎ፣ ጭራውን አሳምሮ ጨረሰ።

«አሁን ዓይኑን» አለና ኢዶሳ የጥቁሩን ሳህን ወደሱ ገፋው።

ደግፌ ነከረ። ብሩሹ ወደ ከንፈሩ ሊደርስ ሲል ቆመ፤ በጨርቅ ጠረገው።

«ጋሼ እንደዚያ አያደርጉም» አለችና እታገኝ ብሩሹን ከእጁ ወሰደች። ጥቁሩ ውስጥ አጥቅሳ ወደ አፏ ስታነሣ ደግፌ እጇን መታው። ብሩሹ መሬት ወደቀ።

«ለምን መታሃት?» አለ ኢዶሳ፣ በዝግታ። ደግፌ ወደ በሩ አየ።

«እኔ ልንገርልህ። ሻዩን የጠጣ ዝንብ አልሞተም፤ ጥቁሩን የቀመሰ ግን ሞቷል። እንግዲህ መርዙ ቀለሙ ውስጥ ነበር። ጠርሙሱን ከሻዩ ጎን ያኖረው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ቀድሞ የገባ ሰው ነው፤ የገባኸው ደግሞ አንተ ነህ። ጥቁሩ የሚከፈተው ሌላው ሁሉ ሲያልቅ እንደሆነ ስለምታውቅ፣ ሐሙስ ጨምረህበት ጉደር ሄደህ መተኛት ትችላለህ። ኦቦ ቦጂያ ቢጠሏቸውም ይህን አያውቁም። ይሄ ሳህን ግን ንጹሕ ነው፤ ዛሬ ዘነበወርቅ የበጠበጠችልኝ ነው። መርዙ ከሻዩ ሌላ ቦታ እንደነበር እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ከየት አወቅህ?»

ደግፌ አንቱታውን ጣለ። «እጄን ሰጠሁት። እሱ ሁለት ነጥብ እያኖረ ስሜን በላው። የአገሩ ልጅ ሁሉ አሻግሬ፣ አሻግሬ ይላል፤ እኔን የሚያውቀኝ የለም።» እታገኝ አልቅሳ ፊቷን አዞረች። ቦጂያ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት አየ፤ አፍሮ ይሁን ፈርቶ ማወቅ ይከብዳል።

ዘነበወርቅ ግን ደግፌን አላየችውም። ዓይኗ ቄሱ ላይ ነበር።

«እንግዲህ አባ?» አለች።

ቄሱ ተነሡ። «ፍትሐቱ ይደረግለታል፤ ነገ ቅጥር ውስጥ ያርፋል። የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።»

«ኃይለ ጊዮርጊስ።»

ደግፌ እጁ ሲታሰር ቀና አለ። ያን ሁሉ ዓመት አብሮት ሲሠራ ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ስለ ኃይለ ጊዮርጊስ ነፍስ መጸለይ ጀመሩ፤ አሻግሬ የሚለውን ስም አንድ ጊዜም አላነሡትም።