ሰምታ ዝም ያለችው ድምፅ

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ጆሮ» ይሏታል። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ደንበኛ የለም። ከአጎቷ ጋር መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ገና ኮፈን ሳይከፈት ሞተሩ የቱ ጋ እንደሚያንኳኳ በጆሮዋ ለይታ ትናገራለች። አጎቷም «ኮምፒውተሩ የሳተውን እሷ አትስትም» እያለ በደንበኛ ፊት ይኮራባታል።

ያን ዕለት ጠዋት የገባችው መኪና ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ግቢውን የምትሞላ ግዙፍ ነበረች። ከውስጧ የወረደው ግን ጭቃ የነካው ቦቲ ያጠለቀ፣ ሸሚዙ ላይ ገለባ የተሰካበት ቀጭን ወጣት ነው።

«የከብት ሐኪም ነኝ» አለ፣ ዓይኗ ገለባው ላይ ማረፉን አይቶ። «ከአንዲት ላም ጋር ስታገል ቆይቼ ነው የመጣሁት።»

«እሷስ ምን ሆነች?» መኪናዋን በአገጯ አመለከተች።

«ታዛጋለች።»

ሳቋ አመለጣት።

«የምሬን ነው! ሜዳ ላይ ቀስ ብዬ ስነዳት ድንገት ልፍስፍስ ትላለች፤ መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። ነዳጅ ስረግጥ ደግሞ ትነቃለች። የአባቴ መኪና ናት። እሱ ከሞተ ወዲህ እናቴን የማመላልሰው በሷ ነው።»

ጆሮ ነገሩ ወዲያው ገባት። እንዲህ ያሉ መኪኖች ጭነት ሲቀላቸው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ከስምንቱ ሲሊንደሮች አራቱን ያሳርፋሉ። ማሳረፍና መቀስቀሱ ሲደጋገም ግን ቫልቮቹን የሚገፉት ትንንሽ ብረቶች የሚጎዱበት ጊዜ አለ። ለዚህ መላ ተብሎ የተሠራች፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ አለች። ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ስትሰካ ስምንቱም ሲሊንደሮች ያለ ዕረፍት ይሠራሉ።

«ነዳጅ ትንሽ ይጨምርብሃል እንጂ ማዛጋቱን ትተዋለች» አለችው።

«ግጠሚልኛ! እናቴ ብቻ እንዳትሰማ። ‹የአባትህን መኪና አትነካካ› ብላኛለች።»

ዕቃዋን ከመግጠሟ በፊት ሞተሩን አስነሳችው። ያኔ ሰማችው። በግራ በኩል፣ ስልል ያለች «ጠቅ… ጠቅ…»። ሞተሩ ሲሞቅ ጠፋች። አንደኛዋ ብረት አስቀድማ ተጎድታለች ማለት ነው፤ ዕቃዋ ደግሞ ያልተጎዳውን ትጠብቃለች እንጂ የተጎዳውን አታድንም። ደንቡ የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አውርዶ ማየት ነበር። ያን የሚያህል ሥራ ግን አጎቷ አይሠራም፤ ከተማው ማዶ ወዳለው ትልቅ ጋራዥ ይልካል። እዚያ የተላከ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም።

ቀና ስትል ወጣቱ እያየ ነበር። ሞተሩን አይደለም፣ እሷን ነው።

«እሺ፣ ምን ሰማሽ?»

«ምንም» አለች። «ደህና ናት።»

ዕቃዋን ሰካችና፣ በሚቀጥለው ሲመጣ እነግረዋለሁ ብላ ራሷን አባበለች።

መምጣቱንስ መጣ። አንዴ ፍሬቻው አልበራም አለ፣ አንዴ የኋላ በር አልዘጋ አለ፣ አንዴ ደግሞ ራሱ በጣቱ ገፋ አድርጎ ሊያስተካክለው የሚችለውን ስፖኪዮ ይዞ ከተፍ አለ። አጎቷ «ይሄ ልጅ መኪናውን ብሎን በብሎን ፈትቶ ሊያመጣልሽ ነው» ብሎ አሾፈባት። በአራተኛው ሰበብ አለቀበት መሰል፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ብቻ ይዞ መጣ።

አሮጌ ጎማ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ሁለታችንም እኮ የማይናገር በሽተኛ ነው የምናክመው» አላት።

«የኔ በሽተኛ ግን አይራገጥም።»

«አንቺስ?»

«እንደ አያያዙ ነው።»

ተሳሳቁ። የእጅ አንጓዋ ላይ የቀረችውን ግራሶ በመሐረቡ ጠረገላት። ደንብራ እንዳትሸሸው የሰጋ ይመስል ቀስ ብሎ ነበር የሚጠርገው።

ሊሄድ ሞተሩን ሲያስነሳ ጠቅታዋ ከወትሮው ጎላ ብላ ተሰማቻት። አፏን ከፈተች። ምን ልትል ነው? «ያን ጊዜም ሰምቼው ነበር» ልትል? ቀን በተጨመረ ቁጥር ቃሉ እየከበዳት ሄዷል። እጇን አውለበለበችለትና ፊቷን አዞረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቀትር ላይ ደወለላት። ድምፁ የሱ አይመስልም። እናቱን ከዘመድ ቤት ይዞ ሲመለስ ዳገቱ መሀል ሞተሩ አቅም አጣ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች፤ ከኋላ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ፍሬን ቢይዝም አልደረሰም። የእናቱ ቀኝ ትከሻ ተሰብሯል።

ሆስፒታል ስትደርስ ታላቅ ወንድሙ ከመሪው ሥር የነቀላትን ዕቃ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ይጮኽበታል። «አትነካካ አልተባልክም? የአባታችንን መኪና መጫወቻ አደረግካት! እማዬ ብትሞትስ ኖሮ?»

የከብት ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ጆሮን ሲያያት መጥቶ እጇን ያዘ።

«አንቺ ምንም እንዳይሰማሽ። ግጠሚልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

መናገር የነበረባት እዚያው ነው። የሷን ጥፋት ተሸክሞ እሷኑ ያጽናናታል፤ እሷም እንዲያጽናናት ፈቀደች።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። ሞተር በተነሳ ቁጥር ትደነግጣለች። አጎቷ አንድ ሥራ ሁለቴ ስታበላሽ አይቶ «ምን ሆነሻል?» ቢላት እንባዋ ቀደማት፤ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየና «ይህን የምትነግሪው ለኔ አይደለም» አላት።

በማግስቱ እናቱ ቤት ሄደች። ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፈው አገኘቻቸው።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ስላንቺ ሲያወራ ነው የሚውለው።»

አልተቀመጠችም። «እማማ፣ ጥፋተኛው የገጠምነው ዕቃ አይደለም። እሱም አይደለም። ሞተሩ መጎዳቱን የዚያኑ ቀን ሰምቻለሁ። ደህና ናት ብዬ ዋሸሁት።»

የከብት ሐኪሙ የሻይ ትሪ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ለምን?»

«ሌላ ጋራዥ ትሄድብኝ ነበር። ተመልሰህ እንድትመጣ ፈለግኩ።»

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ወንድሜ አያናግረኝም። ጠዋት ጠዋት እናቴን ሳለብሳት ራሴን እረግማለሁ። ይህን ሁሉ እያየሽ?»

«እያየሁ።»

«ውጪልኝ» አለ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ።

ወጣች። ቤቷ ግን አልገባችም። ወንድምየው ወደሚሠራበት ቢሮ ሄዳ ያንኑ ቃል ደገመችለት። ሰው እየሰማ ያወረደባትን ስድብ ሁሉ ቆማ ተቀበለች፤ «ብቻ ወንድምህን አናግረው» ብላው ተመለሰች።

ወር ከምናምን አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ እናትየው ክንዳቸውን በጨርቅ አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ጋራዡ ድረስ መጡ። ጆሮ ከመኪና ሥር ወጥታ የምትገባበት ጠፋት።

«ልጆቼ ታርቀዋል» አሉ። «ያሳመምሽኝ አንቺ ነሽ፤ አልሸፋፍንልሽም። ጸጉሬን እንኳ ራሴ ማበጠር አልችልም። ግን ማንም ሳያስገድድሽ መጥተሽ ተናገርሽ። ያ ልጅ ደግሞ ሊረሳሽም ሊጠላሽም አቅቶት ቤቴን ምስቅልቅሉን አወጣው። ታክሲው ውስጥ ነው፤ አልወርድም ብሏል።»

እጇን እንኳ ሳትጠርግ ሄዳ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። ፊት ለፊት እያየ ተቀምጧል።

«ንዴቴ አልበረደልኝም» አለ።

«እንዲበርድልህ አልለምንህም።»

«ስናደድ ደግሞ ላወራው የምፈልገው ሰው አንቺው ነሽ። እብደት አይደል?»

«እንግዲያው ተናደድ። ግን እዚሁ፣ አጠገቤ ሆነህ ተናደድ።»

ዞሮ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋው። የከብት ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ጠጋ አለላት።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ተጋቡ። ወንድምየው ሠርጉ ላይ መጣ፤ ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም እስኪያልቅ ተቀመጠ። እናትየው አሁን ከነሱ ጋር ይኖራሉ። ትከሻቸው ድኗል፤ ቀኝ ክንዳቸው ግን ወደ ላይ አልነሳ እንዳለ ቀርቷል። ከላይኛው መደርደሪያ ብርጭቆ ለማውረድ በግራ እጃቸው ሲንጠራሩ ካየች፣ ጆሮ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች።

«ተይኝ እንጂ፣ ሌላ እጅ አለኝ እኮ!» ይሏታል።

«አውቃለሁ እማማ» ትላለች። ብርጭቆውን ግን ራሷ አውርዳ ነው የምትሰጣቸው።