በክዳኑ ላይ የተጻፈችው ሰባት

መርማሪዋ ወደ ሆስፒታሉ ስትጠራ ሟቹ ገና ከአልጋቸው አልተነሡም። ጡረተኛ መምህር ናቸው። ለቀላል ሄርኒያ ቀዶ ሕክምና ገብተው ቁስላቸው አመረቀዘ፤ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ ገባ። ያልታከሙ እንዳይመስላችሁ! በማይሠራ አንቲባዮቲክ ሲታከሙ ሰንብተው ነው የሞቱት።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ፣ «መድኃኒቱን ማን መረጠው?» ብላ ጀመረች።

«እኔ» አለች ወጣቷ ሐኪም፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። «ጠዋት ጠዋት፣ ውጤቱ ሳይጻፍ፣ ላብራቶሪ ገብቼ ባክቴሪያው የሚበቅልበትን ሳህን አያለሁ። በመድኃኒቱ ዙሪያ ባክቴሪያው ሞቶ ጠርቶ ነበር። በዓይኔ አየሁት እኮ!»

«የለም!» አለ የላብራቶሪው ባለሙያ። «ከእሳቸው ሳህን ላይ ምንም አልጠራም። ይህ መድኃኒት አይሠራም ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ወረቀቱ የደረሰው ሄርኒያው ከሞተ በኋላ ነው» አሉ ዋናው ቀዶ ሐኪም። «እንግዲህ ልጅቷ የሕክምና ፈቃዷን መነጠቋ ነው፤ ያሳዝናል።» ምን ያሳዝናቸዋል! በሽተኛው ሁሉ እሷን እየጠራ እሳቸውን ሲረሳ እርር ድብን ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ዋና ነርሷ የወጣቷ ሐኪም ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን አቋርጣ ያሳደገቻት እሷ ናት። «እህቴ ብትሆንም ሐቁን ልናገር፤ ትቸኩላለች። አልጋ ሰባትን ቀስ ብለሽ እዪ ብያት ነበር» አለች።

ወንፊት ላብራቶሪ ወረደች። ባለሙያው የበሽተኛውን የላብራቶሪ ቁጥር የሚጽፈው ከሳህኑ ሥር ነው። «ክዳን ይቀያየራላ» አላት። እሷም የሚቃጠለውን ቆሻሻ አስገለበጠች።

ከዚያ አራቱንም ሰበሰበች።

«ሁለታችሁም አልዋሻችሁም» አለች ከቆሻሻው ያገኘችውን ሳህን እያሳየች። «ይህኛው ጠርቷል። ግን ከሥሩ ያለው የሌላ በሽተኛ ቁጥር ነው። ክዳኑ ላይ ደግሞ ሰባት ተጽፏል፤ ሐኪሟን ያሳሳታት ይህ ነው። የላብራቶሪ ሰው ክዳን ላይ አይጽፍም። ስለዚህ የጻፈው የውጭ ሰው ነው፤ የሐኪሟንም የጠዋት ልማድ ያውቃል።»

ዋናውን ሐኪም ላብ አጠመቃቸው።

«እርስዎም አይደሉም። እርስዎ በሽተኛውን በበሽታው ነው የሚጠሩት። ከእናንተ መካከል በአልጋ ቁጥር የጠራቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። ናሙና እያደረሰች ላብራቶሪ የምትገባውም፣ ወረቀቱን ተቀብላ የምትመጣውም እሷው ናት።»

ወጣቷ ሐኪም ሳቅ አመለጣት። «እትዬን ነው? አብደሻል እንዴ? እሷ እኮ እናቴ ናት!»

«ተያት፣ እውነቷን ነው» አለች ነርሷ። «ሁሉም ዶክተር፣ ዶክተር ይልሻል፤ እኔ የዶክተሯ እህት ነኝ። ቀናሁብሽ! አንድ ጊዜ ብቻ እንድትሳሳቺ ፈለግሁ። ወረቀቱን በማግስቱ ልሰጥሽ ይዤው መጣሁ። የሰውየው ልጅ እጅሽን ስትስም አየሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት።»

«ፈቃድሽ አይነካም» አለቻት ወንፊት ለወጣቷ።

አልሰማቻትም። የእህቷን እጅ ይዛ ነበር። «እትዬ፣ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች። «ሥራውን እተውልሽ ነበር እኮ።»

ነርሷ ያለቀሰችው ያኔ ነው።